የአስተዳደር ሶፍትዌርን ከአገር አሠራር ጋር ስለ ማስማማት
(የዘጌን የቡና መዝገብ ምሳሌ በማድረግ)

ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ ገብቶ የሚገኘው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በገዳማቱና በቡናው የታወቀ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቡናውንና ጌሾውን ለአካባቢው ያስገኙት አቡነ በትረ ማርያም ሲሆኑ፣ በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ተለቅሞም በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ጀንፈል ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ይህን ጀንፈል ከየገዳሙ አካባቢ ከሚኖሩ አምራቾች እየመዘነ ሲረከብ፣ ርክክቡንና ክፍያውን ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር አሰበ እንበል። ለዚህ ተግባር የሚውለው የግዢን፣ የሽያጭን፣ የዕቃ ግምጃ ቤትን፣ የደመወዝንና የሂሳብን መዛግብት በአንድነት አያይዞ የሚይዝ የአስተዳደር ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በውጭ አገር፣ ለውጭ አገር አሠራር ታስቦ ነው። ስለዚህ ገዢው ወይም ተቀባዩ ሁለት ሥራዎች ይጠብቁታል፤ አንደኛው ሶፍትዌሩን ከአገሩ አሠራር ጋር ማስማማት፣ ሁለተኛው ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር ማያያዝ ነው። መምህራንና ዕቅድ አውጪዎችም ጉዳዩን እንደ ነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሊመለከቱት አይገባም። የተማሪዎች ምዝገባ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ሥርጭትና የመምህራን ደመወዝ የሚያዙት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ በመሆኑ፣ በቡናው መዝገብ ላይ የሚታየው ስሕተት በተማሪው መዝገብ ላይም ይደገማል።

ቀን፣ ወርና በጀት ዓመት

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ አምራች ጳጉሜ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ገንዘብ ተቀበለ እንበል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 12 ወራትን ብቻ ከሆነ ጸሐፊው ጳጉሜን አያገኝም። በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ነሐሴ 30 ብሎ ይጽፋል። በኋላ ሂሳቡ በሚመረመርበት ጊዜ በአምራቹ እጅ ያለው ደረሰኝና በማሽኑ ውስጥ ያለው ቀን ይለያያሉ። አምራቹ እውነት ይዞ ሳለ ተጠራጣሪ ዓይን የሚያርፍበት በእርሱ ላይ ነው።

ብዙ ፕሮግራመሮች ለዚህ ችግር የሚሰጡት መፍትሔ በማሳያው ገጽ ላይ ያሉትን የወራት ስሞች መለወጥና ከዓመቱ ላይ 8 መቀነስ ነው። ይህ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ድንበሩ ታኅሣሥ 21 ይሆናል፤ ምክንያቱም በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን አዲሱ ዓመት የሚብተው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መስከረም 12 ነው። በእጅ የተሠራ የማዛመጃ ሠንጠረዥ ቢሆን ይህን ሁሉ ይዞ እንኳ ለዘለዓለም አያገለግልም። በ2100 እ.ኤ.አ. የጎርጎርዮስ የካቲት 29ኛ ቀን ስለማይኖረው ዝምድናው በአንድ ቀን ይዛወራል።

ትክክለኛው መንገድ ሶፍትዌሩ በውስጡ የሚይዘው ቀን የማንኛውም አቆጣጠር እንዳይሆን ማድረግ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቀናትን በተከታታይ የሚቆጥሩበት የጁሊያን የቀን ቁጥር የሚባል ስሌት አላቸው። የኢትዮጵያን ቀን ወደዚህ ቁጥር ለመለወጥ ዓመተ ምሕረቱ በ365 ይባዛል፤ እንደዚሁም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ይካፈልና ቀሪው ተትቶ ድርሻው ብቻ ይደመራል፤ የወሩ ተራ ቁጥር በ30 ተባዝቶ ይታከላል፤ ቀኑ ይጨመርና 31 ይቀነሳል፤ በመጨረሻም 1,723,856 ይደመራል።

ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመዘነ ጀንፈልን እንውሰድ። 2016 በ365 ሲባዛ 735,840 ይሆናል። 2016 ለ4 ሲካፈል 504 ነው። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 150 ይገኛል፤ 12 ሲጨመርና 31 ሲቀነስ 131 ይቀራል። ሁሉም ከ1,723,856 ጋር ሲደመር ውጤቱ 2,460,331 ነው። ይህ ቁጥር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2024ን የሚያመለክት ሲሆን፣ ከዚያም ከዚህም ወገን የሚመጣ ስሌት የሚገናኘው በእርሱ ላይ ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ይይዛል፤ ጸሐፊው ጥር 12ን፣ የውጭው ገዢ ደግሞ ጃንዋሪ 21ን ያያል። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ስሌቱ ከመደበኛው አራት መደቦች አልፎ የማይሄድ በመሆኑ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መልመጃ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራመሩ ግን ሁሉንም ራሱ መጻፍ የለበትም፤ አይ.ሲ.ዩ. እና ጆዳ ታይም የተባሉት ዝግጁ የፕሮግራም ክፍሎች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘው ይገኛሉ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚያልቅ መሆኑ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጳጉሜ የምትውለው በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን ከሁለተኛው ወር በኋላ ነው። ለፕሮግራመሩ የሚጠቅመው ሕግ አጭር ነው፤ የወሩ ተራ ቁጥር 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በጀት ዓመቱ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር 1 ነው። በዚህ መሠረት ከላይ የተጠቀሰው የጳጉሜ 4 ቀን 2015 ክፍያ የ2016 በጀት ዓመት ወጪ ይሆናል። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ስለሚከፈል ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሮ ሪፖርት ማድረግ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ይህ ሲሆን መደመር ያለበት በሪፖርቱ ላይ እንጂ በመዝገቡ ላይ መሆን የለበትም። የሰዓትም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት መታየት ያለበት በማሳያው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ስምና ፊደል

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ስለነበራቸው፣ በዚያን ጊዜ የተጻፈ መዝገብ ወደ አዲስ ሶፍትዌር ከመግባቱ በፊት መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ባይደረግ የሚነበበው የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ነው።

ዩኒኮድ ግን ሁሉን ነገር አልፈታም። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለመንደር ስም 20 ባይት የተመደበበት መዝገብ ለውጭ አገር ሰው ሰፊ ይመስላል። በዚያ ቦታ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ቢጻፍ ግን ስሙ 9 ፊደላትና 2 ክፍተቶች ስላሉት 29 ባይት ይፈልጋል፤ ማሽኑም «ዑራ ኪዳነ ም» ላይ ይቆርጠዋል። የዘጌ ገዳማትን ስም መቁረጥ የሚያሳፍር ቢሆንም ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ስሙ የተቆረጠው አምራች ወይም ተማሪ በሆነ ጊዜ ግን ባንኩ ወይም የፈተናው ክፍል «ይህ ሌላ ሰው ነው» ሊለው ይችላል።

ይኸው የገዳም ስም ሌላም ነገር ያስተምራል። አንዱ ጸሐፊ «ዑራ» ሲል ሌላው «ኡራ» ይላል፤ አንዱ «ምሕረት» ሲል ሌላው «ምህረት» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ብቻ አንድ ቦታ አራት ዓይነት አጻጻፍ ያገኛል፤ ማሽኑም አራት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሞክሼ ፊደላትን በአዋጅ አንድ ለማድረግ መነሣት የሶፍትዌር ሠሪ ሥልጣን አይደለም፤ ሰው ስሙን እንደጻፈ ሊጠበቅለት ይገባል። መፍትሔው ከስሙ ጎን የማይታይ ሁለተኛ መዝገብ ማኖር ነው፤ በዚህኛው ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ ክፍተቶችም ይወገዳሉ። ፍለጋና ቅደም ተከተል በዚህኛው ይካሄዳል፤ ደረሰኝና የምስክር ወረቀት ግን ከመጀመሪያው ይታተማል።

የቤተሰብ ስም የሚባለውም ነገር በእኛ ዘንድ የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። የውጭው ሶፍትዌር ግን መዝገቡን በመጨረሻው ስም ስለሚደረድር አባትና ልጅን ያለያያል፤ የማይዛመዱ ሰዎችንም አንድ ቤተሰብ ያደርጋል። ለሦስቱም ስሞች ለየብቻቸው ቦታ መስጠትና ድርድሩን በራስ ስም ማድረግ ቀላል ማስተካከያ ነው።

ዋናው ፕሮግራም ሳይነካ

እነዚህ ለውጦች የሚሠሩት የሶፍትዌሩን ዋና ኮድ በመቀየር መሆን የለበትም። አዲስ እትም ሲመጣ የተቀየረው ሁሉ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ሲባል ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን እትም ይዞ ይቀራል። በቤልጂግ የተጀመረውን ኦዱን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ተጨማሪ ክፍል ከጎን የሚቀጠልበት መንገድ አላቸው፤ ለውጡ በዚያ ክፍል ውስጥ ተጽፎ ማብራሪያው በአማርኛ አብሮ ቢቀመጥ ፕሮግራመሩ ቢለቅ እንኳ ተተኪው ይረዳዋል።

ከኮዱ የሚቀድመውም አሠራሩ ነው። በአገራችን ከ1996 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በተካሄደው የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት ለመንግሥት በጀትና ሂሳብ የሚያገለግለው አይቤክስ የተባለው ሶፍትዌር ተሠርቶ ነበር። የዚያ ሥራ አካሄድ ለዕቅድ አውጪዎች ሊጠና የሚገባው ነው፤ የበጀቱና የሂሳቡ አሠራር እየተሻሻለ፣ ኮምፒዩተሩም ከተሻሻለው አሠራር ኋላ ደረጃ በደረጃ ይከተል ነበርና።

ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ስለ ማያያዝ

ሚዛኑ ያለው ዘጌ ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመው ባሕር ዳር ባለ ባንክ ነው እንበል። ሁለቱ የሚገናኙት በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር መሆን አለበት። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ሊረዳ ይችላል። ሆኖም ቁጥሩን ገና ያላገኘ አምራች ከመዝገብ እንዳይወጣ ማኅበሩ የራሱን መለያ ጭምር መያዝ ይገባዋል። መለኪያም ስምምነት ይፈልጋል፤ ቡና በፈረሱላ ሲሸጥ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም በመሆኑ መዝገቡ በኪሎ ግራም ይያዛል፤ 5 ፈረሱላ የሚለው በደረሰኙ ላይ ይነበባል፤ የሚላከው ግን 85 ኪሎ ግራም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ የመስመር መቋረጥ ነው። የክፍያው ትእዛዝ ከዘጌ ተላከ፤ ባንኩ ተቀብሎ ከፈለ፤ መልሱ ሳይደርስ ግን መስመሩ ተቋረጠ። ጸሐፊው አልሄደም ብሎ እንደገና ይልካል፤ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚዛን ደረሰኝ የማይደገም ቁጥር ከዘጌ ይዞ ይነሣ፤ ተቀባዩ ሶፍትዌርም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ሳይከፍል የቀድሞውን መልስ ብቻ ይመልስ። ይህ ከተደረገ ጸሐፊው አሥር ጊዜ ቢልክም ጉዳት የለውም።

ሶፍትዌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሻጩ ፊት የሚፈተንበት መንገድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ይጻፍበት፤ መቀበል አለበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ይጻፍበት፤ አልቀበልም ማለት አለበት። ከጳጉሜ 4 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ያለው ልዩነት 3 ቀን መሆን አለበት። «ኡራ ምህረት» ተብሎ ሲፈለግ «ዑራ ምሕረት» ይውጣ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተልኮ አንድ ክፍያ ብቻ ይታይ። ከእነዚህ በአንዱ የወደቀ ሶፍትዌር ገንዘቡ ሳይከፈልበት ወደ ሠሪው ይመለሳል።