በጣት እየነኩ የሚሄዱባት የብር ከተማ

አስፐን በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ብር ፈላጊዎች የቆረቆሯት ከተማ ናት። በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ አብዛኛው ማዕድን ማውጫ ተዘጋ፤ ብዙው ሕዝብም ጥሏት ሄደ። በ1978 የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ከተማዋን ኮምፒውተር በሚያዘው ሌዘር ዲስክ ላይ ማስፈር ጀመሩ። ወጪውን የቻለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ነበር። ያነሳሳውም፣ የእስራኤል ወታደሮች በ1976 ወደ ኢንቴቤ ሳይዘምቱ በፊት በአየር ማረፊያው አምሳያ ላይ መለማመዳቸው ነው ይባላል።

በመኪና ጣሪያ ላይ 4 ካሜራዎች ተተከሉ። አንዲት የብስክሌት ጎማ መንገዱን እየለካች በየ10 ጫማው፣ ማለትም በየ3 ሜትሩ ገደማ፣ ታስነሣቸው ነበር። ጥላው እንዳይለዋወጥም ሥራው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ሆነ። ተመልካቹ ስክሪኑን ሲነካ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሲሻው የመጸውን ወራት በበረዶ ይለውጣል። አንዳንድ ቤቶችም የጥንት ፎቶግራፋቸውን ያሳያሉ። እኛን ከሁሉ የማረከን ይህ ነው።

ለወለቃና ለአምቦበር ተመሳሳይ ሥራ ቢታሰብ፣ መሣሪያው ዛሬ ብዙ አያስቸግርም። አስፐን ስትቀረጽ ግን ቤቶቿ ቆመው ነበር፤ የጭቃና የሣር ቤት ባለቤቱ ከለቀቀው ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የጎማዋን ሥራ የሚሠሩልን ሽማግሌዎቻችን ናቸው፦ ከወንዙ እስከ ጸሎት ቤቱ ስንት ርምጃ ነበር? ወናፉ የሚነፋው በማን ደጅ ነው? ፎቶግራፍ ያላችሁ ቤተሰቦችም አንሺው የት ቆሞ፣ ወዴት እያየ እንዳነሣው ከጀርባው ጻፉበት።