የጡንቻ ብግነቱ ተመልሶ ይሆን?

ፖሊማዮሳይቲስ ወይም ደርማቶማዮሳይቲስ የተባለው የጡንቻ ብግነት ታክሞ ከተሻለ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፤ በተለይ መድኃኒት ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ። "ድካም ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት እነዚህን ልብ በሉ፦

👉 ከሶፋ ወይም ከበርጩማ በእጅ ሳትደገፉ መነሳት ሲያቅታችሁ
👉 ደረጃ መውጣት፣ ታክሲ መሳፈር ሲከብዳችሁ
👉 ፀጉር ስታበጥሩ ክንዳችሁ ቶሎ ሲዝል
👉 ዐይን ቆብ ወይም የጣት አንጓ ላይ ሽፍታ ሲወጣ

የስፖርት ሕመም በጥቂት ቀናት ይለቃል። ይሄኛው ግን በሁለቱም ጎን፣ ዳሌና ትከሻ አካባቢ በሳምንታት ውስጥ እየባሰ ይሄዳል፤ ሕመም ላይኖረውም ይችላል።

በሳምንት አንዴ፣ በዚያው ወንበር፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ 5 ጊዜ ተነሱ። የፈጀባችሁን ሰከንድ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እየረዘመ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

የሲኬ የደም ምርመራ ይረዳል፤ ግን ውጤቱ ኖርማል ሆኖም ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻ ሊያደክም ስለሚችል በራሳችሁ አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

‼️ መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ትን ካላችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።