ምጣድዎና ስልክዎ፦ የትኛው ብዙ መብራት ይበላል?

ልጅዎ የቤት ሥራውን ሲሠራ ያልገባውን ነገር በስልክ ሲፈልግ አይተው «በቃ አስቀምጠው፤ መብራቱን ጨረስከው» ብለው ተቆጥተው ያውቁ ይሆናል። ቁጣው ለዓይኑና ለእንቅልፉ ታስቦ ከሆነ ተገቢ ነው። በቆጣሪ በኩል ግን ልጁ ብዙም አልበደለዎትም። እስቲ አብረን እናስላው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እንደየሥሪቱ ቢለያይም፣ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ለቤተሰቡ እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጀ ማለት ነው። የኢንተርኔት መፈለጊያ ባለቤት የሆነው ጉግል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገለጸው፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ ፈልጎ ለማቅረብ የሚወጣው ኃይል 0.3 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ስሌት አንድ ቀን እንጀራ የጋገሩበት ኃይል ከ23 ሺህ በላይ ጥያቄዎችን ያስመልሳል። ልጁ በቀን 50 ጊዜ ቢጠይቅ እንኳ ያንን ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስልኩን ሞልቶ ለማሳደር ደግሞ 20 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ይህም ምጣዱ በ20 ሰከንድ የሚፈጀው ነው።

ታዲያ ያ 0.3 ዋት ሰዓት በእርስዎ ቆጣሪ ላይ አይመዘገብም። ጥያቄው በሽቦና በባሕር ሥር ገመድ ተጉዞ፣ ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ሌት ተቀን ወደሚሠሩበት የዳታ ማዕከል ይደርሳል። ኮምፒዩተሮቹ ሲሠሩ ይግላሉ፤ እንዳይቃጠሉም ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በፊንላንድ ሀሚና በተባለች ከተማ ጉግል አንድ የድሮ የወረቀት ፋብሪካ ገዝቶ የሰርቨር አዳራሽ አድርጎታል፤ ማቀዝቀዣውም የባሕር ውሃ ነው።

ጠብታው ሲጠራቀም ግን ጎርፍ ይሆናል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው በዓመት ከ5 ትሪሊዮን በላይ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ይህን በ0.3 ዋት ሰዓት ብናባዛው 1.5 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት ይመነጫል ተብሎ ከታቀደው ኃይል አንድ አሥረኛው ገደማ መሆኑ ነው። ፍለጋ ደግሞ ከሰርቨሮች ሥራ አንዱ ብቻ ነው፤ ፊልሙም፣ ፎቶውም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም አለ። እንደ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም የዳታ ማዕከላት በሙሉ 415 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ፈጅተዋል። ይህን ለማመንጨት 26 የሕዳሴ ግድቦች ያስፈልጋሉ። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 የዳታ ማዕከላት ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 21 በመቶውን ሲወስዱ፣ የከተማ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ተደምረው የወሰዱት 18 በመቶ ነበር።

ይህ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይምሰልዎ። በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። ከእነዚህ ሌላ ቢትኮይን የሚባለውን፣ በኮምፒዩተር ብቻ የሚኖር ገንዘብ ለማግኘት ሌት ተቀን ስሌት የሚያስኬዱ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በውጭ ምንዛሪ ኃይል ሲገዙ ቆይተዋል። ተቋሙ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ለዚህ ሥራ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን አስታውቋል። ዶላሩ ምሰሶና ትራንስፎርመር ከገዛ እሰየው ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው።

ለምን ቢሉ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ጉና ተራራ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል። የጋይንትና የስማዳ ወንዞች ደግሞ በሽሎን ይቀላቀላሉ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው ግድብም ያልፋል። ይህ ውሃ ከደጃቸው የሚነሣው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገጠር እናቶች ግን ዛሬም እንጀራ የሚጋግሩት በኩበት፣ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ጭሱ የእናቲቱን ዓይን ብቻ ሳይሆን የታዘለውንም ሕፃን ያገኘዋል። ለድንቹና ለገብሱ ማሳ ፍግ መሆን የነበረበት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ መሬቱም ከዓመት ዓመት ይሳሳል። ከዚያ አገር ተወልደው ከተማ የገቡ አንባቢዎቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

የሚገርመው ነገር ጣሪያ ላይ የምትሰቀል ትንሽ ሶላር ስልክ ትሞላለች፣ አንድ ሁለት አምፖልም ታበራለች፤ ምጣድ ግን አታግልም። በመሆኑም በገጠር ያለች ተማሪ ስልኳን ሞልታ ኔትወርክ ባገኘች ጊዜ ባሕር ማዶ ያለውን ሰርቨር ትጠይቃለች፤ እናቷ እዚያው አጠገቧ እሳት እፍ ትላለች። ኢንተርኔቱ ከምጣዱ ቀድሞ ገባ ማለት ነው።

መስመሩ በተዘረጋባቸው ከተሞች፣ በነፋስ መውጫም ይሁን በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ይሁን በመካነ ኢየሱስ፣ ለአውዳመት ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምጣዱን ሲሰካ ሸክሙ ከባድ ነው። በምሰሶ ላይ ከሚሰቀሉት ትራንስፎርመሮች አንዱ የሆነው ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር፣ ሌላ ምንም ባይጫንበት እንኳ፣ ከ57 ምጣድ በላይ አይችልም። መቶ ቤት ቢጋግር አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ከዚያም ጨለማ ነው።

ስለዚህ እናትዎ ወይም እኅትዎ ዘንድ መብራት ገባ ሲባል «አምፖሉ በራ ወይ?» ብለው አያብቁ። «ትራንስፎርመሩ ስንት ምጣድ ይችላል?» ብለው ያስጠይቁ፤ ጥያቄው ለቀበሌውም ለአገልግሎት መሥሪያ ቤቱም ይድረስ። እርስዎም በሚኖሩበት ሰፈር ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሊጡን ሳያቋርጡ ይጨርሱት፤ አክንባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው የሰኞ ጋጋሪና የረቡዕ ጋጋሪ ቢለዩ፣ አንዱ ሰፈር በአንድ ምሽት ትራንስፎርመሩን ከማቃጠል ይድናል።