የባሕር ዛፍ ሽታ ለማን ነው?
ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነው የነጭ ባሕር ዛፍ ሽታ በመጀመሪያ የዛፉ መከላከያ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ሽታውን የሚሰጠው፣ ሲኒዮል የተባለ ውህድ የበዛበት ዘይት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከብትና ፍየል የሚሸሹትም ይህን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ዛፍ ደጋውን ለመሸፈኑ አንዱ ምክንያት ይህ ሽታ ይመስለኛል።

«የተስፋፋው ፈጥኖ ስለሚያድግና ሲቆረጥ ስለሚያቆጠቁጥ ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን መንጋ በሚሰማራበት፣ አጥር በሌለው ኮረብታ ላይ የሚጣፍጥ ችግኝ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከፍየል አፍ ማምለጡ ያጠራጥራል፤ የወይራ ችግኝ ብዙ ጊዜ ሳያድግ የሚቀረው በዚህ ነው። የአውስትራሊያው ኮዋላ ባሕር ዛፍ እየበላ መኖሩስ? ጉበቱ የቅጠሉን መርዝ የማርከስ ልዩ አቅም ስላለው ነው፤ እሱም ቢሆን ከዛፍ ዛፍ ያማርጣል።