የክረምቱ እሸት ከማሳ እስከ ማዕድ

ክረምት የአርሶ አደሩ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ተሟጥጦ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ሳለ የቤተሰቡን ማዕድ የሚይዘው የጓሮው ጎመን፣ ድንቹ፣ ቆየት ብሎም እሸት በቆሎው ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አንበሳሜና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎችም ይኸው ነው። የምርት ሪፖርት ሲዘጋጅ ግን ትኩረት የሚያገኘው ደርቆ የተፈለፈለው እህል ነው፤ በእሸትነቱ የተበላውና የተሸጠው በኩንታል ሳይቆጠር ያልፋል።

ቀድሞ የሚደርሰው ድንች ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.አ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ሰብል በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ተራራ ግርጌ ለደጋው ቤተሰብ የክፉ ቀን ስንቅ ሆኗል። በፍልሰታ ጾምም ከማዕድ አይጠፋም። ችግሩ የክረምት ዝናብ ነው። ልጡ ሳይጠነክር በእርጥብ ጭቃ ተቆፍሮ በጆንያ የታጨቀ ድንች ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል። ከቁፋሮው ከ10 እስከ 15 ቀን ቀድሞ ግንዱን ማጨድ ልጡን ያጠነክረዋል። ለምግብ የሚቀመጠውን ማጠብ አያስፈልግም፤ ብርሃን በማይገባበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ መትቶት የአረንጓዴነት መልክ የያዘው ለጤና ስለማይበጅ ለምግብ አይውልም።

የበቆሎው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የእሸት ጣዕም የሰዓት ጉዳይ ነው። ጸጉሩ ደርቆ ጠቆር ሲል፣ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት ሲያወጣ ለመጥበስም ለመቀቀልም ደርሷል (ጥብሱ ይሻላል ወይስ ቅቅሉ የሚለው ክርክር ለየቤቱ ይተው)። ከተሸለቀቀ በኋላ ግን ጣፋጭነቱ ወዲያው መቀነስ፣ ስኳሩም ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል። ጠዋት ከማሳ ወጥቶ በዚያው ዕለት አንበሳሜ ገበያ የዋለውና በጭነት አድሮ ከተማ የገባው በቆሎ እኩል አይጣፍጡም። ከነሽፋኑ በጥላ ማቆየት ይረዳል እንጂ ሰዓቱን አያስቆመውም።

ከሐሙሲት የባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ስለሚገኝ ባሕር ዳር ለደራ ሩቅ ገበያ አይደለችም። ነገር ግን የእንቁጣጣሽ ወጪና የልጆች ትምህርት በአንድ ላይ ሲመጡ ማሳውን እንደቆመ በግምት ለነጋዴ መስጠት ያጓጓል። እሸቱ ሲሸጥ የሚሸጠው የመጪው ወራት ቀለብም መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቢያንስ ለቤት የሚቀረውን መደብ አስቀድሞ መለየት፣ የቀረውንም በዓይን ግምት ሳይሆን ጥቂት መስመር ቆጥሮ ራሱን ማስላት የአርሶ አደሩን የመደራደር አቅም ያጠናክራል።

በእሸትነቱ መሸጥ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ማሳው ቀድሞ ይለቀቃል። አገዳው አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። እርጥበት በሚይዝ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ርጥበቱ ሳይሸሽ ሽምብራ ወይም ጓያ ሊከተል ይችላል። ለዚህ የሽምብራው ዘር በመስከረም አርሶ አደሩ እጅ መገኘት አለበት። የዘር ፍላጎቱን ከየቀበሌው አሰባስቦ ማቅረብም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የነሐሴ ሥራ ነው።