ከሴንት ሉዊስ ፓርክ የተነሱት ወንድማማቾች

የፊልም ዳይሬክተሮቹ ጆኤል እና ኢታን ኮኤን ያደጉት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ፣ ከከተማዋ ጋር ተያይዛ በምትገኘው ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው። ጆኤል በ1954፣ ኢታን በ1957 ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር፣ እናታቸው በሴንት ክላውድ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርት ነበሩ። ጆኤል የሰው ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት ትንሽ ሱፐር 8 ካሜራ ገዛ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነው በቴሌቪዥን ያዩትን ፊልም በራሳቸው መንገድ ደግመው መቅረጽ ጀመሩ።

ጆኤል ኒው ዮርክ ሄዶ ፊልም ተማረ። ኢታን በፕሪንስተን ፍልስፍና አጠና። ጆኤል ከትምህርት በኋላ በዳይሬክተሩ ሳም ሬይሚ ፊልም «ዘ ኢቭል ዴድ» ላይ በረዳት ኤዲተርነት ሠራ፤ ለሕይወቱ የጠቀመውን ብልሃት ያገኘውም ከሬይሚ ነው። ይኸውም አንድ ፊልም ሳይሠራ በፊት አጭር ማስታወቂያውን ቀርጾ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ማሳየት ነው። ወንድማማቾቹም ገና ያልተሠራውን የ«ብለድ ሲምፕል» ማስታወቂያ ቀርጸው፣ ፕሮጀክተር ተሸክመው የሰው በር ማንኳኳት ጀመሩ። ገንዘባቸውን ካወጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚኒያፖሊስ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ፊልም ሠርተው የማያውቁ ሁለት ወጣቶችን አምነው ከኪሳቸው አወጡ። በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቴክሳስ ውስጥ የተሠራው ፊልም በ1985 ዛሬ ሰንዳንስ በሚባለው ፌስቲቫል ከፍተኛውን የዳኞች ሽልማት ወሰደ።

ነፃ ፊልም ሠሪ የሚባለው ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ትእዛዝ ውጭ የሚሠራ ነው። ይህ ነፃነት የሚገኘው በገንዘብ አያያዝ ነው። የሰው ገንዘብ በበዛ ቁጥር የሰው ቃልም ይበዛል፤ ኮኤኖች በጀታቸውን ዝቅ አድርገው የመጨረሻውን ቅንብር የመወሰን መብታቸውን ይዘው ኖሩ። ጎንደር የተወለደው ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማም በዚያው በአሜሪካ ከዚህ የከበደውን መንገድ መርጧል። በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ለሕዝብ አሳይቶታል።

የኮኤኖች ፊልም «ባርተን ፊንክ» በ1991 በካን ፌስቲቫል ከከፍተኛው ሽልማት ከፓልም ዶር ጋር የዳይሬክተርና የተዋናይ ሽልማቶችን ጠቅልሎ ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት «ዘ ሃድሳከር ፕሮክሲ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 3 ሚሊዮን እንኳ ሳያስገባ ቀረ። እንዲህ ያለ ኪሳራ ብዙ ዳይሬክተሮችን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ኮኤኖች ወደ ትንሹ በጀትና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

«ፋርጎ» በ1996 የወጣው በ7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ስሙ የሰሜን ዳኮታዋ ከተማ ይሁን እንጂ ታሪኩ በአብዛኛው የሚካሄደው በሚኒያፖሊስና ብሬነርድ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ነው። ቀረጻው በተያዘበት ክረምት በረዶ ጠፍቶ ቡድኑ ወደ ሰሜን እየተጓዘ በረዶ ፍለጋ ወጣ፤ ሰው ሠራሽ በረዶም መጠቀም ግድ ሆነ። አንድ ትዕይንት ግን የሚኒሶታን ክረምት ለቀመሰ ሁሉ ቅርብ ነው። ዕዳ የገባው መኪና ሻጭ ልመናው ከሽፎበት በረዶ ወደለበሰው መኪና ማቆሚያ ይወጣል፤ ካሜራው ከላይ ሲያየው ሰውየው ነጭ ሜዳ ላይ ነጥብ ያክላል። የመኪናውን መስታወት እየፋቀ ሳለ ንዴቱ ገንፍሎ መፋቂያውን ወርውሮ ይንጨረጨራል። ወዲያው ጎንበስ ብሎ ያነሳውና መፋቁን ይቀጥላል። አንድም ቃል ሳይናገር የሰውየው ውርደት በሙሉ ይታያል።

ነፍሰ ጡሯን የፖሊስ አዛዥ ሆና የተጫወተችው የጆኤል ባለቤት ፍራንሲስ ማክዶርማንድ በምርጥ ተዋናይትነት፣ ወንድማማቾቹ በምርጥ ድርሰት ኦስካር አገኙ። ለምርጥ አርትኦት ታጭቶ የነበረው ሮድሪክ ጄይንስ ደግሞ የሌለ ሰው ነው፤ ፊልሞቻቸውን ራሳቸው ሲያቀናብሩ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ነው።

በ2007 የወጣው «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ሲያገኝ የፈለጉትን ትልቅ ሥራ መያዝ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን በ2009 ዝነኛ ተዋናይ የሌለበት «ኤ ሲሪየስ ማን» የተባለ ፊልም ሠሩ። በ1967 በሚኒሶታ አይሁዳውያን ሰፈር የሚኖር የፊዚክስ መምህር ትዳሩና ሥራው ሲናጋ ምክንያቱን ፍለጋ ከረቢ ወደ ረቢ ይመላለሳል፤ የሚያረካ መልስ አያገኝም። ለቀረጻው የልጅነታቸውን ዘመን የሚመስሉ ቤቶች የተገኙት በአቅራቢያዋ ብሉሚንግተን ነው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለሕይወታቸው የቀረበውና ጥልቁ ይህ ነው፤ ኦስካር ባያገኝም ከተሸለሙት አያንስም።

ከ2018 በኋላ ሁለቱ ለየብቻ መሥራት ጀመሩ። ጆኤል በ2021 የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በጥቁርና ነጭ ቀረጸ፤ ኢታን በ2024 «ድራይቭ አዌይ ዶልስ»ን አወጣ። ሥራቸውን ላላየ ሰው መጀመሪያው «ፋርጎ» ይሁን። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ «ኤ ሲሪየስ ማን» የጎረቤቶቻቸውን የትናንት ሕይወት የሚያሳይ በመሆኑ አይለፋቸው።