ለብቻዎ በብስክሌት እንጦጦ ሊወጡ ነው?

ከውጭ ለዕረፍት መጥተው የካ ዘመድ ቤት አረፉ እንበል። በማግስቱ ለብቻዎ በብስክሌት እንጦጦ ሊወጡ ነው። «ተወልጄ ያደግኩበት ነው፣ ምን እሆናለሁ?» እንዳይሉ! ዝቅተኛ ቦታ ዓመታት የኖረ ሰውነት ከፍታውን ይረሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

👉 የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ቀናት ከተማ ውስጥ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ብቻ ያድርጉ።
👉 የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።
👉 ሄልሜት ያድርጉ፤ በየት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ይንገሩ።
👉 ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከጀመረዎ ወዲያው ይውረዱ። ሕመሙ ሲብስ ሰው ግራ ይጋባል፤ ብቻዎን ከሆኑ ደግሞ ያንን የሚያይልዎ የለም።
👉 አርፈውም ትንፋሽ ካጠረዎ በአቅራቢያ ያለ ሰው ይጥሩ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ።

ሊመጣ ላሰበ ዘመድዎ ሼር ያድርጉለት። መልካም ጉዞ!